«ተገዝተን ቢሆን ኖሮ» ለሚሉ ወገኖቼ፦ የኮንጎ ምስክርነት

የአፍሪካን ዘመናዊ ታሪክ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እኛን እኮ የጎዳን አለመገዛታችን ነው፤ እንግሊዞች ወይም ፈረንሳዮች ሃምሳ ዓመት ገዝተውን ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አንገኝም ነበር» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ግን የፌዝ ሳቅ አልነበረም፤ የስምምነት ሳቅ ነበር። እኔም ስለ ዓድዋ፣ ስለ ነፃነት ክብርና ስለ አባቶቻችን መሥዋዕትነት ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን መልስ ሰጥቼ ወደ ዕለቱ ርእስ ተመለስሁ። ልጁ ዝም አለ፤ እንዳልረካ ግን ከፊቱ አነበብሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልረካሁም።

አለመርካቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ራሴ በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ፣ መብራት በጠፋና አውቶቡስ በቀረ ቁጥር፣ ከጓደኞቼ ጋር «ምናለ ጣሊያን አሥር ዓመት ጨምሮ በነበር!» እያልሁ እቀልድ ነበር። ቀልዱ እየተደጋገመ ሲሄድ እምነት ይሆናል። እምነት የሆነ ነገር ደግሞ በፉከራ አይመለስም፤ በማስረጃ እንጂ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለዚያ ተማሪ የምሰጠው የዘገየ መልስ ነው።

የልጁ አባባል በመሠረቱ የሒሳብ አባባል ነው። ቅኝ ገዥው ይገድላል፣ ይዘርፋል፤ ነገር ግን ባቡር፣ ትምህርት ቤትና ሥርዐት ያለው መንግሥት ትቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ተደምሮና ተቀንሶ ትርፉ ይበልጣል የሚል ነው። እንግዲያው መዝገቡን ከፍተን እንመርምረው። ለዚህ የመረጥሁት የኮንጎን መዝገብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ሰው ርስት

ከኖቬምበር 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 1885 የ14 መንግሥታት ተወካዮች በጀርመኑ መራሔ መንግሥት በቢስማርክ ጥሪ በርሊን ላይ ተሰበሰቡ። አፍሪካ እንደ ሙልሙል ዳቦ የተቆረሰችው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። በእርግጥ የአህጉሪቱ ድንበር ሁሉ እዚያ አልተሰመረም፤ ጉባኤው ይበልጡን የተነጋገረው ስለ ንግድና ስለ ወንዞች ነፃነት፣ እንዲሁም አንድ ኃይል አንድን የባሕር ዳርቻ «የእኔ ነው» ለማለት ምን ማሟላት እንዳለበት ነበር። አንድም አፍሪካዊ ግን አልተጋበዘም። በጉባኤው ሰሞን ከማንም የበለጠ ያተረፈው ደግሞ በስብሰባው ላይ በአካል ያልተገኘ ሰው ነበር፤ የቤልጂግ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ።

ሊዮፖልድ በ1865 የነገሠባት ቤልጂግ ከተመሠረተች ገና ግማሽ ምእት ዓመት ብዙም ያላለፋት ትንሽ አገር ነበረች። መንግሥቷም ሕዝቧም ቅኝ ግዛት የመያዝ ፍላጎት አልነበራቸውም። ንጉሡ ግን ነበረው። ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ የተባለውን ታዋቂ ተጓዥ ቀጥሮ ከ1879 እስከ 1884 ድረስ በኮንጎ ወንዝ ተፋሰስ ከሚኖሩ በመቶ ከሚቆጠሩ ባላባቶች ጋር «ውል» አስፈረመ። ባላባቶቹ ማንበብ በማይችሉት ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ ምልክት እያኖሩ መሬታቸውን አስረከቡ። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ዘዴ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ምኒልክ የአማርኛው ቅጂም ሠራዊቱም በእጃቸው የነበረ መሆኑ ነው።

ሊዮፖልድ ለዓለም የተናገረው ስለ ሳይንስ፣ ስለ ነፃ ንግድና የባሪያ ንግድን ስለ ማጥፋት ነበር። ኃያላኑም አመኑት፤ ወይም ማመን ጠቀማቸው። በ1885 «የኮንጎ ነፃ መንግሥት» ታወጀ። ስፋቱ ወደ 2.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የቤልጂግን 76 እጥፍ ያህል ነበር። ይህ ግዛት የቤልጂግ መንግሥት ንብረት አልነበረም፤ የአንድ ግለሰብ ርስት ነበር። ባለርስቱ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ኮንጎን በእግሩ ረግጧት አያውቅም።

ጎማ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ርስቱ ኪሳራ ነበር። የዝሆን ጥርስ ይገባል፤ ወጪውን ግን አይሸፍንም። በ1888 ደንሎፕ በአየር የሚሞላውን የብስክሌት ጎማ ፈለሰፈ፤ ከዚያም ብስክሌትና መኪና በአውሮፓ ተስፋፉ፤ የጎማ ዋጋም ሰማይ ወጣ። በኮንጎ ጫካ ውስጥ ጎማ የሚሰጥ ሐረግ በዱር ይበቅላል። በሌሎች አገሮች የተተከሉት የጎማ ዛፎች ደርሰው ዋጋውን እስኪያወርዱት ድረስ ንጉሡ ጥቂት ዓመታት ብቻ እንዳሉት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ተቻኮለ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ «ባለቤት የሌለው መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው» የሚል ድንጋጌ ወጣ፤ ገበሬው ካረሰውና ጎጆ ከቀለሰበት ውጭ ያለው ጫካ ከነፍሬው የንጉሡ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ ጫካው ከፊሉ ለኩባንያዎች ተሰጠ፤ አቢር የሚባለው ኩባንያ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ለየመንደሩ የጎማ ግብር ተተመነ። ወንዶቹ ወደ ጫካ እንዲገቡ ለማስገደድ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በመያዣነት ይታሰራሉ፤ ጎማው ተመዝኖ ሲሞላ ይለቀቃሉ። ብዙዎቹ በረኃብ በእስር ላይ ያልቃሉ። የጎደለበት ሰው ከጉማሬ ቆዳ በተሠራ አለንጋ ይገረፋል። ያመፀ መንደር ይቃጠላል።

ስለ ተቆረጡት እጆች ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ምክንያቱን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያውቁት። ምክንያቱ የሒሳብ አያያዝ ነው። «ፎርስ ፑብሊክ» የተባለው የቅኝ ግዛቱ ጦር ወታደሮች ጥይት ለአደን እንዳያባክኑ፣ ለተኮሱት ለእያንዳንዱ ጥይት የተገደለ ሰው ቀኝ እጅ ለነጩ መኮንን እንዲያስረክቡ ይጠየቁ ነበር። ጥይቱን ለአደን የተኮሰው ወይም ዒላማውን የሳተው ወታደር ደግሞ ሒሳቡን ለማወራረድ ከሕያው ሰው እጅ ይቆርጥ ጀመር። እጆቹ እስከ መኮንኑ ድረስ እንዳይበሰብሱ በጭስ ይደርቁ ነበር። ዊልያም ሼፐርድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሚስዮናዊ በ1899 በአንድ ሰፈር በእሳት ላይ ከተረበረቡት መካከል 81 ቀኝ እጆችን ቆጥሯል።

በ1904 ባሪንጋ በተባለ ቦታ ንሳላ የሚባል አባት አንድ ነገር በቅጠል ጠቅልሎ ወደ ሚስዮናውያኑ ቤት መጣ። ጥቅሉ ሲፈታ የአምስት ዓመት ልጁ የቦዓሊ እጅና እግር ነበር። የኩባንያው ጠባቂዎች ከገደሏት በኋላ የተረፋት ይህ ነበር። አሊስ ሲሊ ሃሪስ የተባለችው እንግሊዛዊት ሚስዮናዊ አባትየው ተቀምጦ የልጁን እጅና እግር ሲመለከት ፎቶግራፍ አነሣችው። ያ ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ተማሪዎቼን አሳይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አሳያለሁ።

በእነዚህ ዓመታት በግድያ፣ በረኃብና በበሽታ ስንት ሰው እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ በጊዜው ቆጠራ አልነበረምና። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት የሕዝቡ ግማሽ፣ ወደ 10 ሚሊዮን ሰው ነው፤ ዝቅ የሚያደርጉትም አሉ። ዝቅተኛውን ግምት ብንወስድ እንኳ የምንናገረው በሚሊዮን ስለሚቆጠር ሕዝብ ነው።

እውነቱን ያወጣው ሒሳብ

የወንጀሉ ምክንያት የሒሳብ አያያዝ እንደ ነበረ ሁሉ ያጋለጠውም ሒሳብ ነበር። ኤድመንድ ሞሬል በአንድ የእንግሊዝ የመርከብ ኩባንያ ተቀጥሮ የሚሠራ ጸሐፊ ነበር። አንትወርፕ ወደብ ላይ የጭነት መዝገቦችን ሲያመሳክር አንድ ነገር አስተዋለ፤ ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ወደ ኮንጎ የሚመለሱት ግን በአብዛኛው ጠብመንጃና ጥይት ይዘው ነው። ለጎማው ክፍያ የሚሆን ሸቀጥ አይሄድም። ክፍያ ከሌለ ደግሞ ሥራው የባርነት ሥራ ነው ማለት ነው። ሞሬል ሥራውን ለቆ ዘመቻ ጀመረ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮጀር ኬዝመንት ከሥፍራው ተገኝቶ ያጠናቀረው ሪፖርት በ1904 ታተመ። ከእነርሱ ሁሉ በፊት፣ ገና በ1890፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልያምስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የታሪክ ሰው ለንጉሡ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም።

ሊዮፖልድ በግፊቱ ብዛት በ1908 ኮንጎን ለቤልጂግ መንግሥት አስረከበ። «አስረከበ» ማለት ግን ማሳነስ ይሆናል፤ ሸጠ ማለት ይቀላል። ዕዳውን መንግሥት ተረክቦለት፣ ለኮንጎ ሲል ስለ ደከመው ድካም ምስጋና ይሆን ዘንድ በተጨማሪ 50 ሚሊዮን ፍራንክ ተቆረጠለት። ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊትም የኮንጎ ነፃ መንግሥት መዛግብት ብራስልስ ውስጥ ለስምንት ቀናት ያህል ተቃጠሉ። ዛሬ «ማስረጃው የታለ?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ጭስ አስታውሳለሁ።

ባቡሩና ትምህርት ቤቱ

«ይሁን፤ ግን ባቡር ሠርተዋል» ይለኛል ተማሪዬ። ሠርተዋል። ከማታዲ ወደብ እስከ ሊዮፖልድቪል፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ኪንሻሳ፣ ወደ 366 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሐዲድ ከ1890 እስከ 1898 ተዘርግቷል። ይፋዊው መዝገብ እንኳ ወደ 1,800 የሚጠጉ አፍሪካውያንና እስያውያን ሠራተኞች እንደ ሞቱበት ያምናል። ሐዲዱ የተዘረጋው ከጫካ ወደ ወደብ እንጂ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ አልነበረም። ጎማው እንዲወጣ እንጂ ገበሬው ገበያ እንዲወጣ አልታሰበም። በተቃራኒው የእኛው የጂቡቲ ባቡር በፈረንሳይ ገንዘብም ቢሆን በአገሩ ንጉሥ ፈቃድ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። ባቡር ለማስገባት መገዛት ግዴታ አልነበረም።

ትምህርቱስ? ለእውነት መቆም ያስፈልጋልና፣ ቤልጂጎች በሚስዮናውያን አማካይነት በርካታ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከፍተዋል፤ በዚህ ረገድ ኮንጎ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሻለች ነበረች። በሩ ግን ከላይ ተዘግቶ ነበር። ጸሐፊ፣ የነርስ ረዳትና የማሽን ሠራተኛ ይፈለጋል፤ ሐኪም፣ መሐንዲስና ዳኛ አይፈለግም። በ1960 ነፃነት ሲታወጅ በዚያች ግዙፍ አገር የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የነበራቸው ኮንጎአውያን ከ30 አይበልጡም ነበር። በጦሩ ውስጥ አንድም ኮንጎአዊ መኮንን አልነበረም። አንድን መንግሥት ከእግሩ በታች ያለውን መሬት ነቅሎ «በል እንግዲህ ቁም» ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ብዙም የማይነሣ አንድ ነገር ላንሣ። በ1941 ኢትዮጵያ ከፋሺስት ወረራ ስትላቀቅ፣ በምዕራብ በኩል በአሶሳ፣ በጋምቤላና በሳዮ (ደምቢ ዶሎ) የተዋጉት የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ጁላይ መጀመሪያ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ ላይ እጁን የሰጠው ለእነርሱ ጦር ነው። የሊዮፖልድን ወታደሮች የልጅ ልጆች ለእኛ ነፃነት ሲዋጉ፣ እነርሱ ራሳቸው በገዛ አገራቸው ነፃ አልነበሩም። ከ19 ዓመት በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ሥር ኮንጎ ገቡ፤ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም ከ1962 እስከ 1963 የመላው ሰላም አስከባሪ ኃይል አዛዥ ሆኑ። ነፃ የነበረው ሕዝብ መኮንኖች ሲልክ፣ የተገዛው ሕዝብ አንድም መኮንን አልነበረውም። ለተማሪዬ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

ጁን 30 ቀን 1960 እና ከዚያ ወዲህ

በነፃነቱ በዓል ላይ የቤልጂጉ ንጉሥ ቦድዌን ተነሥተው ነፃነቱ በሊዮፖልድ ብልሃት የተጀመረው ሥራ ፍጻሜ እንደ ሆነ ተናገሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓትሪስ ሉሙምባ በመርሐ ግብሩ ላይ ተናጋሪ አልነበረም፤ ተነሥቶ ግን ተናገረ። የተናገረውም ስለ ስድቡ፣ ስለ ዱላውና ስለ ተነጠቀው መሬት ነበር። ጥቁር ሰው «አንተ» ይባል የነበረው ወዳጅ ስለሆነ ሳይሆን «እርስዎ» ለነጭ ብቻ የተቀመጠ ቃል ስለ ነበር እንደሆነም ገለጸ። በአማርኛ አንተና አንቱ ለይተን ለምንናገር ለእኛ ይህ አባባል ትርጉም አያስፈልገውም።

ሳምንት ሳይሞላ ጦሩ ዐመፀ፤ ቤልጂጋዊው የጦር አዛዥ ጄኔራል ያንሰንስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ከነፃነት በፊት ከነፃነት በኋላ ጋር እኩል ነው» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ጽፎላቸው ነበርና። ጁላይ 11 ቀን በማዕድን የበለጸገችው ካታንጋ በቤልጂግ ድጋፍ ተገነጠለች። ሉሙምባ ሦስት ወር ሳይሞላው ከሥልጣን ተነሣ፤ ጃኑዋሪ 17 ቀን 1961 ካታንጋ ውስጥ ቤልጂጋውያን በተገኙበት ተረሸነ። ዕድሜው 35 ነበር። አስከሬኑን በአሲድ ያሟሟው ቤልጂጋዊ የፖሊስ መኮንን ጥርሱን ለማስታወሻ አስቀረ። የቤልጂግ ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን በ2001 አገሪቱ «የሞራል ኃላፊነት» አለባት አለ፤ በ2002 መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። አንዲት ጥርስ ለቤተሰቡ የተመለሰችው በጁን 2022 ነው። ንጉሥ ፊሊፕ በ2020ም በ2022ም ስለ ቅኝ አገዛዙ ዘመን «ጸጸት» ገልጸዋል፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። የቤልጂግ ምክር ቤት ያቋቋመው ልዩ ኮሚሽንም በ2022 መጨረሻ በይቅርታው ጉዳይ ሳይስማማ ተበተነ።

ከሉሙምባ በኋላ የመጣው ሞቡቱ ከ1965 እስከ 1997 አገሪቱን እንደ ግል ጓዳው ገዛ። እዚህ ላይ «ሞቡቱ እኮ ጥቁር ነው» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ጥፋቱም የራሱ ነው። በሊዮፖልድ ዘመን እጅ የቆረጡትም ብዙዎቹ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። ነገር ግን ሞቡቱ የወረሰው መንግሥት ምን ዓይነት እንደ ነበረ እንጠይቅ። ያ መንግሥት ገና ሲፈጠር የተሠራው ሀብት ለማውጣት እንጂ ሕዝብ ለማገልገል አልነበረም፤ ተጠሪነቱም ለውጭ እንጂ ለውስጥ አልነበረም። ባለቤቱ ተለወጠ፤ ሥሪቱ አልተለወጠም። ትናንት ጎማ፣ ቀጥሎም ሂሮሺማ ላይ ለተጣለው ቦምብ የዋለው የሺንኮሎብዌ ዩራኒየም፣ ዛሬ ደግሞ የሞባይል ስልኮቻችንና የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሚፈልጉት ኮባልት። የዓለም ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከዚያች አገር ነው። ባለሀብቷ አገር ግን ከድሆቹ ተርታ ናት። በጎረቤት ሩዋንዳም ቤልጂጎች በ1930ዎቹ የሰውን ዘር በመታወቂያ ወረቀት ላይ አስጻፉ፤ በ1994 በየኬላው ያ መስመር እየተነበበ ሰው ታረደ።

ወደ እኛ ስመለስ

ጣሊያን ቢቆይ ኖሮ የሚለውንም በምኞት ሳይሆን በተደረገው እንመዝነው። በቅኝ ግዛትዋ በኤርትራ ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ነበር። በ1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዲስ አበባ በደም ስትታጠብ፣ ተፈልገው ከተገደሉት መካከል በውጭ አገር ተምረው የተመለሱት ጥቂት ወጣቶች ይገኙበታል። መንገዱን የሠራው እጅ መንገዱን የሚመራውን ትውልድ ገደለ። በጊዜው የነበሩን ምሁራን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ያ ጉድለት ስንት ዓመት እንዳስከፈለን ማን ቆጠረው?

ይህን ስል አለመገዛታችን ብቻውን ያኮራናል፣ ያበቃናልም ማለቴ አይደለም። የራሳችን ገዥዎችም እስር ቤቶች፣ ጅራፍና ጥይት ነበሯቸው፤ ገባሩም የባሪያ ፈንጋዩንና የጌታውን ግፍ ያውቀዋል። ዓድዋን እያነሡ የዛሬን በደል መሸፈን፣ ቅኝ ገዥን እየረገሙ የራስን ሕዝብ መግፈፍ የአፍሪካ አምባገነኖች የቆየ ስልት ነው። የነጭ ግፍ ለጥቁር ግፍ ማመካኛ አይሆንም።

ስለ ተማሪዬ ሳስብ ግን አንድ ነገር ይገባኛል። የእርሱ ጥያቄ ስለ ትናንት አልነበረም፤ ስለ ዛሬ ነበር። «ማን በገዛን?» ሲል «መቼ ነው እንደ ሰው የምንተዳደረው?» ማለቱ ነው። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኔም የዓድዋን ስም ጠርቼ ላፍነው አይገባኝም ነበር። ስሕተቱ መልሱን የሚፈልግበት ቦታ ላይ ነው። ኮንጎ የምትመሰክረው፣ ባዕድ ገዥ እርሱ የሚመኘውን መንግሥት፣ ማለትም ለሕዝቡ የሚጠየቅ መንግሥት፣ ትቶ እንዳልሄደ ነው። ሊተው አይችልምም ነበር፤ ያ መንግሥት ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የሚያባርረው እርሱን ነበርና።

ልጁ ይህን ካነበበ፣ ቢሮዬ ክፍት መሆኑን ይወቅ። ያን ዕለት ያላለቀ ክርክር አለን።

ቸር ይግጠመን።